የአባቴ ባህር ዛፍ ለፋሲካ ጠረጴዛ ይደርሳል ወይ ላለችው እህት የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባሶና ወራና ካለው የአባቴ ግቢ ሁለት ትልልቅ ነጭ ባህር ዛፎች ጥቅምት ላይ ተቆርጠው 4 ሴንቲ ውፍረት ባለው ጣውላ ተሰንጥቀውልኛል። ለፋሲካ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ 8 ሰው የሚያስቀምጥ፣ የገጠር መልክ ያለው፣ ወፈር ያለ የምግብ ጠረጴዛ በራሴ እጅ መስራት ፈልጌያለሁ። ጣውላውን አቀራርቤ ከስር አግዳሚ አድርጌ በምስማር ብመታው፣ ከዛ ቫርኒሽ ብቀባው ይበቃል? መጋዝ፣ መዶሻና ትራፓኖ አለኝ።»

እህቴ ጥያቄሽን ሳነበው በጣም ደስ አለኝ፣ የአባትሽን ዛፍ ሸጠሽ በብሩ የተዘጋጀ ጠረጴዛ መግዛት ትችዪ ነበር። እዚሁ ደብረ ብርሃን እንጨት ስሰራ ሀያ ምናምን ዓመቴ ነው እና ቀጥታውን ልንገርሽ፦ ያ ጣውላ ለዘንድሮ ፋሲካ አይደርስም፣ ለከርሞ ነው የሚደርሰው። ጠረጴዛው ግን ለዘንድሮ ይደርሳል። እንዴት እንደሆነ አስረዳሻለሁ፣ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

መጀመሪያ የእርጥብ እንጨት ነገር ይግባሽ፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጣውላ ስታነሺው ክንድ የሚያዝለው ውሃው ነው፣ እንጨቱ ራሱ ደርቆ ከሚመዝነው ከግማሽ በላይ ውሃ ተሸክሟል። ጥቅምት ተቆርጦ ዛሬ ታህሳስ ላይ በእጅሽ ስትዳብሺው ደረቅ ይመስልሻል፣ የኛ ሀገር ንፋስ ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፣ መሃሉ ግን ገና እንደተቆረጠ ነው። ውሃው ሲወጣ እንጨቱ ይጠባል፣ የሚጠበው ደሞ በወርዱ ብቻ ነው፣ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል። በወርዱም ቢሆን እኩል አይደለም፣ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ የሚጠበው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚጠበው እጥፍ ይጠጋል፣ ጣውላ እንደ ቆርቆሮ የሚጎብጠው በዚህ ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ደሞ ከብዙ እንጨት የባሰ ነው፣ ብዙ ጊዜ አድጎ የሚወጣው እየተጠማዘዘ ስለሆነ ጣውላው ሲደርቅ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል፣ ገና በመጋዝ ሲሰነጠቅም ውስጡ ያለው ውጥረት ሲለቀቅ ጫፉ ቷ ብሎ ይከፈታል፣ መሰንጠቂያው ጋ ቆመሽ ከነበር ሰምተሽዋል።

እንግዲህ ይሄን በወርዱ የሚጠብ እንጨት ወስደሽ ከስሩ በአግድም ሌላ እንጨት አስጠግተሽ በምስማር ብትመቺው፣ አግዳሚው በቁመቱ ስለማያጥር ባለበት ይቆማል፣ ላዩ ግን መጥበብ ይፈልጋል፣ ምስማሩ አለቅም ይላል፣ ከሁለት አንዱ መሸነፍ አለበት፣ የሚሸነፈው ደሞ ሁሌም ጣውላው ነው፣ ይሰነጠቃል።

ይሄን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ስራ በጀመርኩ በሶስተኛው ዓመት ለእናቴ ጠረጴዛ ሰራሁላት፣ ሰኔ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ጨረስኩት፣ ልክ አንቺ እንዳሰብሽው ከስር አግዳሚ፣ በምስማር፣ ከላይ ቫርኒሽ። መስከረም ሲጠባ የሚያምር ነገር ነበር። ታህሳስ ገብርኤል ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት፣ ውርጭ በወረደበት ሌሊት፣ ሳሎን ውስጥ ጥይት የተተኮሰ መስሎን ሁላችንም ነቃን። ጠዋት ስናየው ከአንደኛው ጫፍ፣ ከምስማሩ መስመር ተነስቶ እስከ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል፣ የአንድ ብር ሳንቲም ቁም አድርገሽ ብታስገቢበት ይገባል። እኔ የእንጨት ዱቄት በኮላ አቡክቼ ደፈንኩት፣ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ መልሶ ሲያብጥ መድፈኛውን ተፍቶ አወጣው፣ በጋ ሲመጣ መልሶ ተከፈተ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ እንግዳ ሲመጣ ጨርቅ ታለብስበታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞ በቢላ ጫፍ ከስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ሽሮ ስትፍቅ አያታለሁ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዛ ወዲህ ሳልመዝን እንጨት አልነካም።

መመዘን ያልኩሽ እንደዚህ ነው። ከአንዱ ጣውላ ጫፍ ሳይሆን ከመሃል አካባቢ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይዋሻል) አንድ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጪ። ሱቅ ወይ ስጋ ቤት ያለ ዲጂታል ሚዛን ላይ መዝኚና ጻፊው። ከዛ ምጣድ ላይ በጣም ለስለስ ባለ ሙቀት፣ እንዳይጠቁር እያገላበጥሽ አድርቂው፣ እየደጋገምሽ መዝኚ፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እሱ ደረቅ ክብደቱ ነው። ለምሳሌ መጀመሪያ 500 ግራም ሆኖ መጨረሻ 320 ላይ ከቆመ 180 ግራም ውሃ ነበረው፣ 180ን ለ320 ስታካፍዪው 56 ፐርሰንት ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው 12 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ቁራጭ ማባከን ካልፈለግሽ ደሞ አንድ አጭር ጣውላ ለይተሽ በየሁለት ሳምንቱ መዝኚው፣ በበጋ ሶስት ጊዜ ተከታታይ ያው ክብደት ከሆነ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል በቃ።

በአየር ለሚደርቅ እንጨት ድሮም የሚባለው ልክ ለየ2 ሴንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ያንቺ 4 ሴንቲ ስለሆነ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ምንም አይደርቅም፣ እንደውም መልሶ ይጠጣል፣ ስለዚህ ይሄን በጋና የከርሞውን በጋ ካሳለፈ ለከርሞ መጋቢት ዝግጁ ነው።

አሁኑኑ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ የምታደርጊው አደራደሩን ነው፣ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ከሆነ ወይ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ከሆነ እየተበላሸ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ምረጪ። ብሎኬት ደርድረሽ ከመሬት 40 ሴንቲ አካባቢ ከፍ አድርጊው፣ ብሎኬቶቹ ውሃ ልክ መሆናቸውን እዪ፣ ስሩ ከተንጋደደ ጣውላውም ያንኑ ይዞ ይደርቃል። በየጣውላው መሃል 2 ሴንቲ ተኩል የሆነ ደረቅ ቁርጥ እንጨት በየ40 ሴንቲው አስገቢ፣ ቁርጦቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መስመር ይሁኑ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሆነ መሃሉ ይጎብጣል። ጫፍ ጫፉን የተረፈ ዘይት ቀለም ወይ የቀለጠ ሰም ወፈር አድርገሽ ቀቢው፣ ውሃ በጫፍ በኩል በጣም ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዛ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ላይ ከባድ ከባድ ድንጋይ ጫኚበት። በላስቲክ እንዳትጠቀልዪው፣ ይሻግታል። ሌላው ዓለም ንፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት ይላል፣ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የታህሳስና የጥር ንፋሳችን ደረቅና ኃይለኛ ነው፣ ባህር ዛፍ ደሞ ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ላዩም ይተረተራል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ሁለት ሶስት ወር ንፋሱ በሚመጣበት ጎን ጆንያ አንጠልጥዪበት። ቅርፊት ያለበት ካለ ላጪው፣ ነቀዝ የሚደበቀው እዛ ስር ነው።

ይሄ የአባትሽ እንጨት ነው፣ ይቀመጥ። አሁን ወደ ዘንድሮው ፋሲካ እንምጣ።

ሀሳቤ እንዲህ ነው፦ እግሩንና ቋሚውን ክፍል አንዴ፣ ለዘላለም በሚሆን ደረቅ እንጨት ስሪው። ላዩን (የሚበላበትን ገጽ) ለዘንድሮ በደረቅ የፈረንጅ ጥድ ስሪና ከስር በቪቴ (እየዞረ በሚገባ ጥርስ ባለው ምስማር) ብቻ ያዢው። ከርሞ ባህር ዛፉ ሲደርስ ዘጠኝ ቪቴ ፈተሽ ላዩን ታነሺና የአባትሽን ትጭኚበታለሽ፣ የጥዱ ላይ ደሞ ሌላ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ለእግሩ ከሁሉም የምወደው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የሀበሻ ጥድ ነው። እዚህ አካባቢ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ቋሚና ወራጁ ለማገዶ ይሸጣል፣ ያንን ሳይ ልቤ ያዝናል። ለስንት ዓመት ጭስ የጠጣ እንጨት ነው፣ ከላይ ጥቁር ከሰል ይመስላል፣ አንዴ በመላጊያ ሳብ ስታደርጊው ከስሩ ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ብቅ ይላል፣ ሽታው እንደተቀረጸ እርሳስ ነው፣ እርሳስ የሚሰራውም ከዚሁ ዘር እንጨት ስለሆነ። መጥበብ የሚባለውን ጨርሷል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ስትገዢ ሶስት ነገር እዪ፦ በመዶሻ ስትመቺው ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካለው ውስጡ በስብሷል፤ ትንንሽ ቀዳዳ ኖሮ ከስሩ አዲስ ነጭ ዱቄት ካራገፈ ነቀዙ አሁንም አለ ተዪው፤ ውፍረቱ መሃል ለመሃል 13 ሴንቲ ይሁን፣ ከዚያ ካነሰ 9 በ9 የሆነ እግር አይወጣውም። ያሉትን ምስማሮች በሙሉ በጉጠት ሳታወጪ መጋዝም መላጊያም እንዳታሳርፊበት።

አሮጌ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የሀበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣውና ኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ከመንግስትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ስማቸውን ጠርቶ የከለከላቸው አራት ዛፎች ናቸው። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ የቆመውን ጥድና ዝግባ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። አንድ ሰው ማታ ማታ ርካሽ እርጥብ ዝግባ አለኝ ካለሽ አትግዢ።

ለዘንድሮው ላይ የፈረንጅ ጥድ ያልኩሽ ቀላል ስለሆነ፣ ሲደርቅ ብዙ ስለማይጠብና ስለማይጠመዘዝ ነው። መጋዘን ያለው «ደረቅ ነው» ቢልሽም መዝኚ። የህንፃ ፎርምወርክ የነበረ ጣውላም ይሆናል፣ ግን ሲሚንቶ የነካውን ማሽን ቤት ስትወስጂ ምላጫቸውን ስለሚበላው ቀድመሽ በብረት ብሩሽ አጽጂው፣ ንገሪያቸውም።

ልኩ። ከፍታው ከነ ላዩ 75 ሴንቲ። ለአንድ ሰው በትንሹ 55 እስከ 60 ሴንቲ ቦታ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ በየጎኑ 3፣ በየጫፉ 1፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ይሁን። ወርዱን የፈረንጅ ልክ 90 ወይ 100 ይላል፣ እኛ ጋር ግን ትሪ መሃል ተቀምጦ ነው የሚበላው፣ ከወዲያ ያለው አጎትሽ ዶሮው ጋር ለመድረስ መቆም የለበትም፣ 85 በቂ ነው፣ ለ8 ሰው ሁለት ትሪ ታደርጊያለሽ። እግሮቹን ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ በጣም ያስገባቸዋል፣ ከዛ ጎን የተቀመጠው እንግዳ እግር በጉልበቱ መሃል አቅፎ ይበላል፣ አንቺ ከጫፉ 10 ሴንቲ ብቻ አስገቢ፣ በሁለቱ እግሮች መሃል 162 ሴንቲ ይቀርሻል፣ ሶስት ሰው ይይዛል። ከላዩ ስር የሚዞረው መቀነቻ እንጨት 9 ሴንቲ ወርድ ይሁን እንጂ አትጨምሪ፣ ላዩ ተልጎ 3 ሴንቲ ተኩል ሲቀር ከወለል እስከ መቀነቻው 62 ሴንቲ ተኩል ይተርፋል፣ ጉልበት የሚያልፈው እስከዛ ድረስ ነው። አግዳሚ ወንበር ካሰብሽ 45 ሴንቲ ከፍታ፣ 155 ርዝመት፣ ሳይፈለግ ስሩ ይገባል። የሳሎንሽን በርም ለኪ፣ ይሄን የምለው ሰርተው ጨርሰው በር የጠበባቸውን ስላየሁ ነው።

ለእግሮቹ ከመቀነቻው ጋር ወንዴና ሴቴ አድርገሽ ነው የምትገጥሚው እንጂ በምስማር አይደለም። መቀነቻው 4 ሴንቲ ውፍረት ካለው ከመሃሉ 1 ሴንቲ ተኩል ውፍረት ያለው ምላስ ታወጪያለሽ፣ 3 ሴንቲ ተኩል ይርዘም፣ ከዚያ ካለፍሽ ከሌላኛው ጎን ከሚመጣው ጋር እግሩ ውስጥ ይጋጫሉ። ቀዳዳውን በትራፓኖ ጎን ለጎን በስተሽ በመሮ ታጸጂዋለሽ፣ መሮና ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) መግዛት ይኖርብሻል እነዚህ ሁለቱ ግድ ናቸው። ከላይ በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሳትነኪ ተዪ፣ አለበለዚያ የእግሩ አናት ይከፈታል። ምላሱ በእጅ ግፊት ገብቶ ለመጨረሻዋ ጣት ታህል መዶሻ የሚፈልግ ከሆነ ልክ ነው፣ ከጅምሩ በመዶሻ ከሆነ እግሩን ይሰነጥቀዋል፣ ወድቆ የሚገባ ከሆነ ደሞ ኮላም አያድነው። ኮላ ቀብተሽ ገጥመሽ በጎን በኩል በስተሽ የደረቀ ወይራ ችካል ትመቺበታለሽ። የችካሉ እንጨት ከሁሉም የደረቀ ይሁን፣ ምድጃ አጠገብ ሳምንት አስቀምጪው፣ ከገባ በኋላ ከአየሩ ትንሽ እርጥበት ሲስብ ያብጥና ቆልፎ ይይዛል።

አራቱ እግር ሲቆም ቢወዛወዝ አትደንግጪ። የምታምኚው ለጥ ያለ ወለል ላይ አቁሚው፣ ከአጭሩ እግር ስር ትንሽ ሽብልቅ እያስገባሽ ውሃ ልክ አስተካክዪው፣ ከዛ አንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ እርሳስ አጋድመሽ ወለሉ ላይ እያንሸራተትሽ አራቱንም እግር ዙሪያውን አስምሪ፣ በመስመሩ ቁረጪ፣ አበቃ። የተቆረጠውን ጠርዝ ትንሽ ሸርፊው፣ ሲጎተት እንዳይላጥ።

ላዩ 17 ሴንቲ ወርድ ያላቸው አምስት ጣውላዎች ነው። እዚህ ላይ በእጅ መላጊያ ካልተለማመድሽ አትታገዪ፣ ማሽን ቤት ወስደሽ ሁለቱን ፊትና ሁለቱን ጎን አስልጊ፣ ትንሽ ብር ነው። መልሰሽ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመሽ ወደ መስኮት ይዘሽ እዪ፣ ብርሃን በመሃል ካለፈ አልተስተካከለም። ሞርሴቶ (ጣውላ አጥብቆ የሚይዝ መያዣ) አምስት ስድስት ይፈልጋል፣ ውድ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ላይ ሁለት አጠና መሬት ላይ አጋድሜ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጉማጅ በቪቴ አስሬ ጣውላውን መሃል አስገብቼ በሽብልቅ ነበር የማጠብቀው፣ ከሞርሴቶ ምንም አያንስም። አጠናው ላይ ጋዜጣ አንጥፊ፣ ኮላው ይጣበቅብሻል።

እና ይቺን በደንብ ያዢልኝ፣ ብርድ ሀገር ነን። ነጩ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይደርቅም፣ ነጭ ኖራ መስሎ ይቀራል፣ የያዘ ይመስልሻል ግን በጉልበትሽ ብትጫኚው ይላቀቃል። ደብረ ብርሃን በህዳርና በጥር መሃል ሌሊት ወደ ዜሮ የሚጠጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ኮላ የምትለጥፊው ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ይሁን፣ ጣውላውም ኮላውም ቀድመው ፀሐይ ይሙቁ፣ ከተጣበቀ በኋላ ማታ ቤት ውስጥ ይደር፣ ብርድ ልብስ አልብሺው፣ ሽብልቁን እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን እንዳትፈቺ። መጋቢት ላይ ብትለጥፊው ደሞ ግማሹ ጭንቀት ይቀራል፣ ጊዜ አለሽ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሆነው፣ ላዩን ከእግሩ ጋር የምታገናኚበት መንገድ። በሁለቱ አጫጭር መቀነቻዎች በውስጥ በኩል 4 በ4 የሆነ ሞራሌ (ቀጭን ባለ አራት ጎን እንጨት) በቪቴ እሰሪ፣ አንድ ሌላ ደሞ መሃል ላይ ከረጅሙ መቀነቻ ወደ ረጅሙ መቀነቻ አሻግሪ። በእያንዳንዱ ሞራሌ ላይ ከታች ወደ ላይ ሶስት ቀዳዳ ብሺ። የመሃለኛዋ ለቪቴው ልክ የሆነች ክብ ትሁን። የጎንና የጎኖቹ ግን ክብ አይሁኑ፣ በሞራሌው ርዝመት አቅጣጫ 1 ሴንቲ ከግማሽ ያህል የተጎተቱ ሞላላ ይሁኑ፣ ሁለት ሶስት ቀዳዳ ጎን ለጎን በስተሽ በመሮ ማገናኘት ነው። 6 ሴንቲ ቪቴ በሮንዴላ ታስገቢያለሽ፣ 4ቱ ሞራሌው ውስጥ ሆኖ 2ቱ ላዩን ይይዛል፣ ከ7 ሴንቲ ተኩል ከረዘመ በላይ በኩል ብቅ ይልብሻል። አጥብቂና ሩብ ዙር መልሰሽ ፍቺው። በቃ፣ ላዩ አሁን መሃሉ ላይ ተይዞ ወደ ሁለቱም ጎን መተንፈስ ይችላል። ከክረምት እስከ በጋ 85 ሴንቲ ወርድ ያለው የጥድ ላይ 5 ሚሊ ገደማ፣ የባህር ዛፍ ደሞ እስከ 1 ሴንቲ ሊሄድ ሊመጣ ይችላል ብለሽ አስቢው። የእናቴ ጠረጴዛ የጎደለው ይቺ ሞላላ ቀዳዳ ናት። የጥዱ ላይ 27 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው፣ የባህር ዛፉ ግን 45 አካባቢ ይመጣል፣ ቪቴው ባይጠብቅም የትም አይሄድም።

ባህር ዛፉን ከርሞ ስትገጥሚ ቀድመሽ በቀጭን ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ብረት) ሳትበሺ ቪቴ እንዳታስገቢ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ወይ ይሰነጠቃል ወይ የቪቴው አናት ይበጠሳል። ቪቴውን ደረቅ ሳሙና ላይ አሸት አሸት አድርገሽ ብታስገቢው በቀላሉ ይገባል።

የገጠር መልክ ስላልሽው፣ ያንን የሚሰጠው እንጨቱ ራሱ ነው፣ ጉጡ፣ የመጋዙ ዱካ፣ በአሮጌው ጥድ ላይ የቀረው የመጥረቢያ ምልክት። እጅ የሚያርፍበትን ግን በ80 ከዛ በ120 ከዛ በ180 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ ሁሌም በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። ከመጨረሻው በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጊው፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ሲደርቅ በ180ው ታወርጂዋለሽ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን ውሃ ሲፈስበት ሻካራ ይሆናል። የነጠላ ጥለት የሚይዝ ስንጥር አንድም እንዳይቀር፣ በአሮጌ የናይሎን ካልሲ አሽተሽ ፈትሺው፣ ካልሲው ከያዘ ስንጥር አለ።

ቫርኒሽ ላይ ያለኝ ሀሳብ፣ ለቁም ሳጥን ጥሩ ነው ለምግብ ጠረጴዛ አልወደውም። የጋለ የሸክላ ድስት ሲያርፍበት ነጭ ክብ ይተዋል፣ አንዴ ከተላጠ ደሞ ሁሉንም ፍቀሽ እንደገና ነው። እኔ የተልባ ዘይት ነው የምቀባው። ተልባ የሀገራችን ነው፣ ዘይቱ አየር ሲነካው እየጠጠረ እንጨቱ ውስጥ ይደርቃል። የፓልም የምግብ ዘይት በፍፁም እንዳትሞክሪ፣ ለዘላለም ሳይደርቅ አቧራ እየሰበሰበ ይቀመጣል። ቀጭን አድርገሽ በጨርቅ ቀቢ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ያልጠጣውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ካልጠረግሽው ይሙለጨለጫል። በኛ ብርድ በየዙሩ መሃል አምስት ስድስት ቀን ይፈልጋል፣ ቀን ቀን ፀሐይ ያለበት ክፍል አስቀምጪው። ሶስት ዙር፣ ለመሃሉ አራት፣ ቅቤና በርበሬ ጥሬ እንጨት ላይ ከገባ አይለቅም። በስሩም በኩል ቀቢ፣ አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ እርጥበት በአንድ ጎን እየገባ ያጎብጠዋል። መጨረሻ ላይ አራት እጅ የተልባ ዘይት ከአንድ እጅ ንፁህ ሰም ጋር፣ ጧፍ ከሚሰሩት ታገኛለሽ፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጠሽ (በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም) ሲበርድ እንደ ቅቤ ይረጋል፣ እሱን አሽተሽ በሱፍ ጨርቅ ታጅዪዋለሽ። ለፋሲካ በዓል ከመድረሱ ሶስት ሳምንት በፊት ጨርሺ፣ ሽታው ይውጣለት።

አንድ ነገር አደራ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱ ግሎ እሳት ይነሳል፣ ክብሪት አይፈልግም፣ ይሄ ተረት አይደለም። ወይ ውጪ ገመድ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው ወይ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ክተቺው። የእንጨት ዱቄት ያለበት ክፍል ውስጥ እንዳይቀር።

ጠረጴዛው ሲገባ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይ ግማሹ ብቻ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ስር አታስቀምጪው። ሌላው ጥያቄ ካለሽ እየሰራሽ ጠይቂኝ፣ ለዛሬ ግን ከሁሉም በፊት ብሎኬቱን ደርድሪና ጣውላውን አንሺው፣ በየጣውላው ጫፍ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የተቆረጠበትን ወርና የዛሬውን ቀን በእርሳስ ጻፊበት፣ ለይተሽ የምትመዝኚውን አጭር ጣውላ ክብደትም እዛው ላይ ጻፊው፣ ከርሞ መጋቢት ላይ ስታነሺው ከስሩ ያሉት ቁጥሮች እየቀነሱ መጥተው የቆሙበትን ታያለሽ።